ጠገራው ይጮህ ነበር!

አያቴ ጠገራ ብር ሲሰጧት ድንጋይ ላይ ጥላ ድምፁን ታደምጥ ነበር። የንግሥቲቱን መልክ ከቁብ አልቆጠረችውም።

ልክ ነበረች! እ.ኤ.አ. በ1753 ኦስትሪያና ባቫሪያ በተዋዋሉት መለኪያ አንዱ ጠገራ 28 ግራም፣ ከዚያም 23 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ማሪያ ቴሬዛ በ1780 ሞተች፤ መለኪያው ግን አልሞተም። አገራችን ድረስ የታመነውም ለዚሁ ነው።

የፕሩሲያው ፍሬድሪክስ? በ1756 ሳክሶኒን ወረረ፤ የላይፕሲግን የገንዘብ መቅረጫ ያዘ። በሳክሶኒው ገዢ መልክ፣ በመዳብ የተበረዘ ገንዘብ አስቀርፆ ጦርነቱን ደጎመበት። በ1763 ሰላም ሲወርድ የገንዘቡም ዋጋ ወረደ። ከሳሪው ማነው? በእጁ ይዞት የቀረው ምስኪን!

ጎበዝ፣ ነጋዴ ቅቤ ሲበርዝ ይታሰራል። መንግሥት ገንዘብ ሲበርዝስ? «ጦርነት ነው» ይባላል።

የዛሬው ወረቀት ድንጋይ ላይ ቢጥሉት አይጮህም። ጩኸቱ እንግዲህ የኛው ነው።