ስለ አካባቢ ለመናገር የግድ ዋልያ መሣል አለብን?

ባለፈው መንፈቀ ዓመት በገጽ ቅንብር ትምህርት ቀላል የሚመስል የቤት ሥራ ተሰጠን፦ «ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚናገር የፖስታ ቴምብር ንደፉ»። ውድ አንባቢያን፣ የክፍላችን ግማሽ ዋልያ ሥሎ መጣ። የቀረው ቀይ ቀበሮ፣ አለዚያም ችግኝ የያዘ እጅ። እኔም የጀመርኩት በዋልያ ነበር፤ ፍየል ሆነብኝና ተውኩት እንጂ።

በማንም አልፈርድም። ቴምብራችን ከጥንትም ሥዕል ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን አፄ ምኒልክንና አንበሳን ይዘው ነበር። በ1919 በወጡት ላይ ደግሞ ቀጭኔው፣ ነብሩ፣ አውራሪሱ፣ ሰጎኑ ሳይቀር ሰልፍ ወጥቷል። ዋልያና ቀይ ቀበሮም በኋላ ተራቸው ደርሷቸዋል። ያምራሉ። እኔ ግን የደምበጫ ልጅ ነኝ፤ ዋልያን የማውቀው በሥዕል ብቻ ነው። እኛ ዘንድ የአካባቢ ችግር ማለት ክረምት በመጣ ቁጥር ከማሳችን ጥግ የሚሰፋው ቦረቦር ነው። አባቴ በቦረቦሩ አፋፍ ላለችው አንድ ቃዳ መሬት በየዓመቱ እርከን ይሠራላታል፣ ጎርፉም በየዓመቱ ይቆርስላታል። ያ አፈር የት ይሄዳል? ተምጫ ይገባል፣ ከዚያ አባይ። ድሮ ሱዳን ይደርስ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ በሕዳሴው ግድብ ውስጥ ሊተኛ ይወርዳል። ሐምሌ ላይ ተምጫ ዳር የቆመ ሰው የሚያየው ውኃ ሳይሆን መሬት ሲሄድ ነው።

እስቲ ይህንን አውራ ጣት በምታክል ወረቀት ላይ ሣሉት! ቦረቦሩ ጭረት ነው የሚመስለው። ስለዚህ ሥዕሉን ተውኩና ፊደል ብቻ አስቀመጥኩ፦ «አፈር»። ሦስት ፊደል፣ በአንድ ቀለም፣ እሱም የተምጫ የሐምሌ ቀለም፤ ሌላው ሁሉ ባዶ ነጭ። አ እና ፈ በቦታቸው ቆመዋል። ር ግን ግማሽዋ ለመገንጠያ የተበሳውን ጠርዝ አልፋ ጎረቤት ቴምብር ላይ ወድቃለች። ፖስታ ቤት ውስጥ ቴምብሩ ሲገነጠል ፊደሏም ትገነጠላለች። እያንዳንዱ ቴምብር በቀኙ የራሱን ቁራጭ አጥቶ፣ በግራው የሰው ቁራጭ ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ቁጥብ ንድፍ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ዊም ክራውዌል የሚባል የኔዘርላንድ ንድፍ ባለሙያ ለአገሩ ፖስታ የሠራቸው ቴምብሮች ላይ የዋጋ ቁጥርና የአገር ስም እንጂ ሥዕል የለም። ለብዙ ዓመታትም ደብዳቤ አድርሰዋል። እነሱ በቁጥር ይህን ካደረጉ፣ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ያለን እኛ ምን አነሰን?

አንድ የክፍሌ ልጅ ግን ያዘኝ። «ሥዕል ለሁሉም ነው፣ ፊደል ለተማረ ነው» አለኝ። ይሄ ቀልድ አይደለም። አባቴ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥሯል፣ እናቴ ግን አልቆጠረችም። ለፋሲካ ቤት ስሄድ ወረቀቱን አሳየኋቸው። አባቴ አነበበና «ተሳስተሻል፣ ር ተቆርጣለች» አለኝ። እናቴ አገላብጣ አየችው።

«ምን ይላል?»

«አፈር ይላል እማዬ።»

«ታዲያ መጨረሻው የት ሄደ?»

ጓደኛዬን ሙሉ በሙሉ ረትቼዋለሁ አልልም፤ እናቴ መጠየቅ ነበረባት። ዋልያ ቢሆን ኖሮ ግን «ያምራል» ብላ ታስቀምጠው ነበር። ያን ማታ እራት ላይ ያወራነው ከእኛ በላይ ስላለው ማሳ ነው። እሱ ላይ እርከን ካልተሠራ የአባቴ ልፋት ከንቱ ነው፣ ለባለማሳው ደግሞ ማን ይንገረው? አባቴ «ጎረቤት ነው፣ እንዴት አድርጌ» እያለ ነበር የተኛው።

«በቴሌግራም ዘመን ደብዳቤ ማን ይልካል?» ለሚለኝም መልሴ አጭር ነው። ቴምብር አሁንም አገር በስሟ የምታሳትመው ትንሿ ገጽ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ፖስታ ሌላ ጊዜ ስለ አካባቢ ቴምብር ሲያወጣ እንስሳቱን አሳርፎ ቃል ቢሞክር እላለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጣናን የወረረው እምቦጭም በፊደል ይሆናል፤ «እምቦጭ» የሚለው ቃል ተደጋግሞ፣ ተጨናንቆ፣ አንዲት ነጭ ቦታ ሳያስቀር።

የእኔ ላይ እስካሁን ያስቸገረኝ ዋጋው ነው። የአገር ስምም መግባት አለበት። ከላይ ሳደርጋቸው ባዶው ነጭ ይበላሽብኛል፣ ር አጠገብ ደግሞ አብረው ይቆረጣሉ። ለጊዜው «ኢትዮጵያ» እና «፭ ብር» ከአ እግር ሥር በትንሹ ተቀምጠዋል።