ኮምፒዩተርን ለቤተ ሰብ ማምሻ ስለ ማሰናዳት

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የሚንቀሳቀሰውን ሥዕል አይቶ ስለ ደነገጠ፣ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎት እንደ ነበረ ይታወቃል። ከዚያ ወዲያ በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ዠመረ፤ በዚያው ዓመት «ሂሩት አባቷ ማን ነው» የተባለው የዐማርኛ ፊልም ታየ። ዛሬ ደግሞ ሥዕሉ ከአደባባይ ወጥቶ በየሰው እልፍኝ ገብቷል። ስለዚህ በዚህ ዐምድ ይግባ አይግባ ብለን ልንከራከር አይደለም፤ ገብቷልና። ነገር ግን አንድ ኮምፒዩተር ፊልምና ቴሌቪዥን ለመመልከቻ ሲሰናዳ፣ ቤተ ሰቡን የሚሰበስብ እንጂ የሚበትን እንዳይኾን ምን ማድረግ እንደሚገባ፣ እኛ በመተማ ዮሐንስ ከደረሰብን ጥፋት የተማርነውን ልናካፍላችሁ ነው።

ይህ አገር ቆላ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ በቀትር ጊዜ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከዚያም ያልፋል። በበጋ ከሰሊጡና ከጥጡ እርሻ፣ ከጭነት መኪናውም መንገድ የሚነሣው አቧራ በር ቢዘጉበት በመስኮት ይገባል። ክረምት ሲኾን ደግሞ መብረቁ ብርቱ ነው። እኛም የመጀመሪያውን ኮምፒዩተራችንን በገዛን ጊዜ ይህን ኹሉ ሳናስብ፣ እንደ ክቡር ዕቃ ቈጥረን ጠባብ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥነው፤ ባለቤታችንም በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል አለበሱት። ማክበራችን ነበር፤ ነገር ግን ትንፋሹን ዘጋንበት። በ2013 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ በድንገት ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ ነበርና፣ ኮምፒዩተሩ ጢስ አወጣና ቀረ። ዕውቀት ያለው ሠራተኛ ከፍቶ ቢመለከተው ዕቃው የሚከማችበት ሃርድ ዲስክም አብሮ ተቃጥሎ ተገኘ።

በውስጡ የነበሩትን ፊልሞች ቀስ በቀስ ደግመን አገኘናቸው። ነገር ግን እናታችን ከማረፋቸው በፊት በፋሲካ ዕለት ልጆቻችንን አንድ ባንድ ሲመርቁ በስልክ አንሥተን ያኖርነው ሥዕል በሌላ ስፍራ ግልባጭ አልነበረውም። ይህንም በማንም አናመካኝም፤ ቸልተኝነቱ የኛ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ኹለተኛውን ባቆምን ጊዜ እንግዲህ አስቀድመን የተጠነቀቅነው ለኃይሉ ነው። በአገራችን የቤት መብራት ኃይል 220 ቮልት ነው፤ ከዚህ በብዙ ሲወጣና ሲወርድ ዕቃን ይጐዳል። ስለዚህ ከግድግዳው ሶኬትና ከኮምፒዩተሩ መካከል ኃይሉን የሚያስተካክል ስታብላይዘር አደረግን። ቀጥሎም ባትሪ ያለበት ዩፒኤስ የሚባለውን ሣጥን ጨመርን፤ ይኸውም መብራት በጠፋ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል እየሰጠ ኮምፒዩተሩን በሥርዓት ለመዝጋት ያስችላል። ነጐድጓድ ሲሰማ ግን በዚህ ኹሉ አንታመንም፤ የመብራቱንም የዲሹንም ገመድ እንነቅላለን። ኮምፒዩተሩን ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቀን፣ ፀሓይ በማይደርስበት ክፍት ጠረጴዛ ላይ አኖርነው። በወር አንድ ጊዜም ከመብራት ነቅለን በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን እናራግፋለን። ዳንቴሉ ዛሬ የሚያርፈው በጠረጴዛው ላይ ነው።

ሥዕሉን ወደ ትልቁ ቴሌቪዥን የሚያደርሰው ኤችዲኤምአይ የሚባለው አንድ ገመድ ሲኾን፣ ድምፁንም ባንድነት ይወስዳል። ቴሌቪዥኑ የዚህ ዐይነት ኹለት መግቢያ ካለው፣ አንዱን ለኮምፒዩተሩ፣ አንዱን ለዲሹ ሪሲቨር ማድረግ ይበቃል። ፊልሞቹን ለመክፈት ቪኤልሲ የሚባለው ፕሮግራም ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው፤ የዐማርኛም ኾነ የውጭ አገር ፊልም ያለ ችግር ያሳያል። የመተማ ሰው ብዙ ጊዜ ኹለት ዲሽ ያቆማል። የኢትዮጵያን ጣቢያዎች የሚያመጣው ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለ ኾነ፣ ያ ዲሽ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ ከአድማስ 60 ዲግሪ ያህል ቀና ይላል። የዐረብኛውን የሚያመጣው ናይልሳት ግን በ7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነውና ዲሹ ፊቱን ወደ ሱዳን መልሶ 40 ዲግሪ ያህል ብቻ ቀና ይላል። በድንበር ላይ ያለ ቤት በጣራው ላይ እንኳ ኹለቱን ወገን ያዳምጣል ማለት ነው።

መዝገብ መያዝ የዕለት ሥራችን እንደ መኾኑ፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውንም በመዝገብ ሥርዓት አቆምነው። የአንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ፊልም ኹለት ጊጋባይት ቢፈጅ፣ እስከ 500 ፊልም ይይዛል። ይህን የሚያህል ሀብት ያለ ሥርዓት ቢከማች እንዳልተሰደረ የወረቀት ክምር ነው። ስለዚህ አንዱን ክፍል ለሕፃናት፣ አንዱን ለታሪክና ለትምህርት፣ አንዱን ለዐዋቂዎች ከፈልን። ከአገራችን ሥራ በ1966 ዓ.ም. የወጣውን «ጉማ»ን፣ እንዲሁም የጎንደር ተወላጅ የኾኑት ኃይሌ ገሪማ የሠሩትንና በ2008 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በቬኒስ የተሸለመውን «ጤዛ»ን የመሰለውን፣ ልጆች ዐዋቂ ሲኾኑ ከወላጆቻቸው ጋራ ሊመለከቱት ይገባል። ፊልም የሰው ድካም ነውና ሲገኝ በዋጋው ይገኝ፤ የደራሲና የሠሪ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ መኾኑን ሹም የኾነ ሰው ከማንም በፊት ሊያስበው ይገባዋል። ከኹሉ በላይ ግን አራተኛ ክፍል አበጅተን «የቤታችን» አልነው። በዚህ ያለው ኹሉ ግልባጩ በሌላ ሃርድ ዲስክ ተቀድቶ፣ ከኮምፒዩተሩ ተለይቶ በሌላ ክፍል ይቀመጣል።

የዚህንም ጥቅም ብዙ ሳንቈይ አየነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ እጅግ ብዙ ሰው በገላባት በኩል ተሻግሮ መተማ ገባ። ከነዚያም መካከል በሱዳን ብዙ ዘመን የኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደ ቤታችንም የባለቤታችን የአክስት ልጅ፣ ባሏ የሞተባት፣ ከሦስት ልጆቿ ጋራ መጣች። ልጆቿ ከዐረብኛ በቀር አያውቁም ነበርና፣ በመጀመሪያው ሳምንት የኛም የእርሷም ልጆች ስልክ ስልካቸውን ይዘው በየጥጉ ተቀመጡ። ባንድ ጣራ ሥር ኹለት ቤት ኾንን።

በዚህ ጊዜ ከባለቤታችን ጋራ ተማክረን ሕግ አወጣን። ከእራት በኋላ ስልክ ኹሉ በአንድ ሰፌድ ላይ ይቀመጣል፤ ሥዕል የሚታየው በትልቁ ቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ አንድ ምሽት በዐረብኛ፣ አንድ ምሽት በዐማርኛ ይኾናል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ልጅ ለማያውቀው ይተረጕማል። መዠመሪያ አጕረመረሙ። ኋላ ግን የገበያ ዐረብኛ የምታውቀው ትልቋ ልጃችን አስተርጓሚ ኾነች፤ እንግዶቹም ሕፃናት እርሷ የምትሳሳተውን እያረሙ ይሥቁ ዠመር። አዲሱ ዓመት ሳይገባ ታናሽየው በዐማርኛ ውሃ መጠየቅ ብቻ ሳይኾን መከራከርም ቻለ።

ያች እኅታችን ከካርቱም ያመጣችው አንድ ስልክ ነበር። በውስጡ የሟቹ ባሏ ሥዕል ነበረ፤ በቤታቸው ግቢ ታናሹን ልጅ አቅፎ እየዘፈነ ያስተኛዋል። እኛም ከፊልም ኹሉ አስቀድመን ይህን «የቤታችን» በሚለው ክፍል አስገባነው፤ ግልባጩንም አኖርነው። ልጆቹ ባሉበት በትልቁ ቴሌቪዥን ባየችው ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ዕቃዬ ኹሉ እዚያ ቀረ፤ እሱ ግን አብሮኝ መጣ» አለች። እኛም የእናታችንን ምርቃት አስበን የምንመልሰው ቃል አጣን።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ ኮምፒዩተርን ለቤታችሁ የምታሰናዱ ኹሉ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ሥዕሉ ጥራት ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ከእሳት የሚጠብቀው ምንድር ነው፤ በስንት ሰዓት ይከፈታል፤ ማን ከማን ጋራ ኾኖ ያየዋል። የተገዛ ፊልም ቢጠፋ ደግሞ ይገዛል። የእናትና የአባት ድምፅ ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ በየትም ገበያ አይገኝምና፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ግልባጩን አኑሩ።