አሮጌውን የምግብ ጠረጴዛ ስለ ማደስ

በቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ የምግብ ጠረጴዛና ወንበሮቹ ልዩ ክብር አላቸው። አልጋ ለሚተኛበት ሰው ነው፤ ሣጥንም ቁልፉን ለያዘው ነው፤ ገበታ ግን ለሁሉ ነው። ወላጆችና ልጆች፣ ዘመድና እንግዳ፣ በጾሙም በፍስኩም ተሰብስበው ጸሎት አድርሰው የሚመገቡበት ስለ ሆነ፣ ከሌላው ዕቃ ይልቅ ቶሎ ይጎሳቆላል። የትኩስ ድስት ቂጥ፣ የፈሰሰ ወጥ፣ የጧፍ ጠብታ፣ የልጆች ቢላዋ ሁሉም በላዩ ላይ ምልክቱን ይተዋል።

ጠረጴዛው እንዲህ በሆነ ጊዜ ብዙ ሰው ከሁለት ነገር አንዱን ያደርጋል። ወይም በርካሽ ለቆራሌ ሰጥቶ አዲስ ይገዛል፤ ወይም አንድ ቆርቆሮ የዘይት ቀለም አስመጥቶ በአንድ ቅዳሜ ከላይ እስከ ታች ይቀባዋል። ሁለቱም ሳይመረመር በችኰላ የተደረገ እንደ ሆነ የሚያስከትለው ጉዳት አለ። በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት የምንፈልገው ምክር አጭር ነው፤ ይኸውም መልካሙ እንጨት ይገለጥ፣ ደካማው ይሸፈን፣ የትኛው እንደ ሆነ ሳይታወቅ ግን ብሩሽ አይነሣ የሚል ነው።

እንጨቱን ማወቅ

በአገራችን ጥንት የተሠሩት ጠረጴዛዎችና ወንበሮች አብዛኛውን ጊዜ ከወንዛ፣ ከጥድ፣ ከዝግባ ወይም ከኮሶ እንጨት የወጡ ናቸው። ወንዛ ለሥራ የተመቸና ሲቆይ ወደ ቡናማ የሚያደላ እንጨት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ከበሮም ብዙ ጊዜ የሚፈለፈለው ከእርሱ ነው። ጥድ ቀላ ያለ ሆኖ ሲፋቅ ሽታው ያውዳል። ዝግባ ነጣ ወዳለ ቢጫነት ያደላል፤ በላዩ የሚታየውም መስመር ጥቂት ነው። ኮሶ ደግሞ ቀይነቱ የጠቈረ ነው።

እነዚህ ዛፎች ዛሬ እንደ ቀድሞው እንደ ልብ የሚገኙ አይደሉም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ እነዚህኑ አራቱን፣ ማለት ወንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን፣ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቈረጡ የከለከለው ቊጥራቸው ስለ ተመናመነ ነበር። በሰሜኑ ደጋ ዛሬ ያረጁ የአገር ዛፎች በብዛት የሚታዩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ነው። እንግዲህ በአያቶቹ ዘመን የተሠራ የወንዛ ጠረጴዛ ያለው ቤተ ሰብ፣ በገበያ ወጥቶ በቀላሉ የማይተካውን ዕቃ የያዘ መሆኑን ይወቅ።

እንጨቱን ለመለየት ጠረጴዛውን ገልብጠው ቀለም ያልነካውን ሥሩን ይመልከቱ። ቀጥሎም የገበታውን ጠርዝ ይመልከቱ። ከላይ የሚታየው መስመር እስከ ጠርዙ ወርዶ የሚቀጥል ከሆነ ወጥ እንጨት ነው። እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረበ ከሆነ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ፍርፋሪ የታመቀ ከመሰለም ቺፑድ ነው። በኮምፔንሳቶና በቺፑድ ላይ ያለው የላይኛው ልባስ እጅግ ስስ ስለ ሆነ፣ አጥብቆ የፋቀው ሰው ወዲያው በስቶት ይገባል።

ቀለምና ማቅለሚያ

ቀለም በእንጨቱ ላይ ተኝቶ ይሸፍነዋል፤ ማቅለሚያ ግን ወደ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ መልኩን ያጠቍረዋል እንጂ መስመሩን አይሰውርም። ስለዚህ ማቅለሚያ የእንጨቱን ውበት እንደሚያጐላ ሁሉ ነውሩንም ያጐላል፤ በስቱኮ የተደፈነው ቀዳዳና የፈሰሰው ኮላ ማቅለሚያን ስለማይጠጡ እንደ እድፍ ሆነው ይታያሉ። ደግሞም ማቅለሚያ ያጠቍራል እንጂ አያነጣም።

በዚህ ምክንያት የወንዛ ወይም የኮሶ ገበታ ቢፋቅና ማቅለሚያ ወይም ቫርኒሽ ብቻ ቢያገኝ ይበቃዋል። ብዙ የተደፈነ፣ ከልዩ ልዩ እንጨት የተገጣጠመ፣ ወይም በየጊዜው ከየቦታው ተገዝቶ የማይመሳሰል ስድስት ወንበር ግን ቀለም ቢቀባ አንድ ቤተ ሰብ ይመስላል። ሁለቱን ማስማማትም ይቻላል፤ ገበታው በእንጨቱ መልክ ሲቀር፣ የጠረጴዛው እግሮችና ወንበሮቹ በቀለም ይሸፈናሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥገና

የሚነቃነቅ ወንበር ቢቀቡት መነቃነቁን አይተውም። የወንበሩ ምላስ ከቀዳዳው የላላ እንደ ሆነ ምስማር አይምቱበት፤ ምስማር ምላሱን ይሰነጥቀዋልና። በቀስታ ነቅለው የቀድሞውን ኮላ እስከ እንጨቱ ድረስ ይፋቁ፤ አዲስ ኮላ በአሮጌ ኮላ ላይ በደንብ አይዝም። ጥንት አናጢዎች ይጠቀሙበት የነበረው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የተቀቀለው ኮላ በሙቅ ውሃ እየራሰ ይለቃል። ከዚያ አዲሱን ኮላ ቀብተው ገጥመው፣ እግሮቹን በገመድ ዙሪያውን አስረው፣ በገመዱ መካከል በትር አግብተው እየጠመዘዙ ያጥብቁት። አራቱም እግሮች ወለሉን መንካታቸውን አይተው እስከ ማግስቱ ይተዉት።

የገበታው ሳንቃ በክረምት እርጥበት ጠጥቶ በጐኑ ይሰፋል፤ በበጋም ደርቆ ይጠባል። ስለዚህ ገበታውን ከእግሮቹ መዋቅር ጋር በኮላ ማጣበቅ ስሕተት ነው፤ መላወሻ ያጣ ሳንቃ ይሰነጠቃልና። በበጋ የተከፈተውን ስንጥቅም በጠንካራ ስቱኮ ጥቅጥቅ አድርጎ መድፈን አይገባም፤ ክረምት ሲመጣ እንጨቱ ሰፍቶ ስቱኮውን ገፍቶ ያወጣዋል።

ስለ አሮጌ ቀለም አደጋ

በዚህ ላይ ወላጆች ሁሉ ልብ እንዲሉ አጥብቀን እናሳስባለን። በቀድሞ ዘመን የተሠሩ ብዙ የዘይት ቀለሞች እርሳስ የሚባለው ማዕድን አለባቸው፤ የምንለው ስለ መጻፊያው እርሳስ አይደለም። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ በ90 እጅ የወሰነው ደንብ የወጣው በ2018 እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ዕቃ እንግዲህ ሊጠረጠር ይገባዋል።

አሮጌ ቀለም በደረቁ ሲፋቅ የሚነሣው ብናኝ በወለል ላይ ይሰፍራል። የሚድኸው ሕፃን እጁን ከወለሉ ወደ አፉ ሲያደርግ ብናኙ ወደ ሰውነቱ ይገባል። እርሳስ የሕፃኑን አንጐል ይጎዳል፤ የጉዳቱም ምልክት ቶሎ አይታይም። በነፍሰ ጡር እናት ሰውነት የገባው ደግሞ ወደ ፅንሱ ያልፋል። ስለዚህ የሚከተለው ጥንቃቄ ይደረግ።

1ኛ፤ ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮችም አይቅረቡ።

2ኛ፤ አሮጌ ቀለም በእሳት አይቃጠል፤ በደረቁም አይፋቅ። ውሃ በሚችል የብርጭቆ ወረቀት እያራሱ ይፋቁት።

3ኛ፤ ቅርፊቱ ተሰብስቦ ይጣል፤ ሥፍራው በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ የሥራው ልብስም ለብቻው ይታጠብ።

4ኛ፤ አሮጌው ቀለም ጽኑ ሆኖ ያልተላጠ ከሆነ ጨርሶ ማንሣት አያስፈልግም፤ አጥቦ፣ እያራሱ ጥቂት አሻክሮ፣ በላዩ አዲስ ቀለም መቀባት ይሻላል።

አፋፋቁና አቀባቡ

ቀለም ሳይሆን ቫርኒሽ ያለበት ገበታ እንደ ሆነ፣ በስውር ቦታ አንድ ጠብታ አልኮል ይጣልበት። በጥቂት ደቂቃ ተጣብቆ ከለሰለሰ የተቀባው ጎማላካ ነው፤ ይህም ከነፍሳት የሚገኝ በአልኮል የሚሟሟ ሙጫ ነው። ጎማላካ ለቡፌና ለወንበር ያማረ ጌጥ ነው፤ ለምግብ ጠረጴዛ ግን አይመችም፤ ትኩስ ድስት ያለሰልሰዋል፤ የፈሰሰ አረቄም ያሟሟዋል። በገበታው ላይ ያለው ክብ ምልክት ነጭ ከሆነ እርጥበቱ የገባው በቅቡ ውስጥ ብቻ ነው፤ ቅቡ ሲነሣ ምልክቱም ይጠፋል። ጥቁር ከሆነ ግን ወደ እንጨቱ ጠልቋል፤ እርሱን የሚያነጣው መድኃኒት መርዝ ስለ ሆነ ለባለሙያ መተው ይበጃል።

ከመፋቅ በፊት የወጥ ቅባትንና የጧፍን ሰም በሚገባ ያስወግዱ፤ በሰምና በቅባት ላይ ማናቸውም ቅብ አይዝም። ሰሙን ፍቀው፣ ዕቃውን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ አጥበው፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ያድርቁት። የብርጭቆ ወረቀቱን ከሻካራው ወደ ለስላሳው በተራ ይጠቀሙ፤ በ80 ቊጥር ጀምረው፣ በ120 ቀጥለው፣ በ180 ይጨርሱ። ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር እንጂ አግድም አይፋቁ፤ አግድም የተጫረ ጭረት በማቅለሚያ ጊዜ ጠቍሮ ይወጣል።

ማቅለሚያውን አስቀድመው በጠረጴዛው ሥር ይሞክሩት። በውሃ የሚበጠበጥ ማቅለሚያ የእንጨቱን ጭራ ያቆማል፤ ስለዚህ እንጨቱን አስቀድመው በእርጥብ ጨርቅ አሹት፤ ሲደርቅ በለስላሳ ወረቀት ጥቂት ያሹት፤ ከዚያ ይቀቡ። የተቈረጠው የሳንቃ ጫፍ አብዝቶ ስለሚጠጣ እንዳይጠቍር አስቀድመው ያርጥቡት። ከቀቡ በኋላ ትርፉን ሳይደርቅ በጨርቅ ይጥረጉ።

ለገበታው የላይ ቅብ ፖሊዩሬቴን የሚባለው ቫርኒሽ ሙቀትንና እርጥበትን ይበልጥ ይችላል። ሦስት ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባት አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ይሻላል፤ በየመካከሉም እስኪደርቅ ጠብቀው በለስላሳ ወረቀት ያሻክሩት። የገበታውን ሥርም መቀባት አይዘንጉ፤ አንድ ጐኑ ብቻ የተቀባ ሳንቃ እርጥበትን በሌላው ጐኑ ጠጥቶ ይጎብጣልና።

ቀለም ለሚቀባው ክፍል ደግሞ አስቀድሞ የመነሻ ቀለም ይቀባ። የጥድ እንጨት በቋጠሮው በኩል ዘይቱን እያወጣ ቀለሙን ስለሚያበላሽ ቋጠሮውን በጎማላካ መዝጋት ይጠቅማል። አሮጌውን የዘይት ቀለም ሳያሻክሩ የውሃ ቀለም የሚቀቡ ሰዎች በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ ሽንኵርት ልጣጭ ሲላጥ ያዩታል።

ስለ እሳት ጥንቃቄ

አኳራጅና አልኮል በሚሠራበት አጠገብ የከሰል ምድጃ አይኑር፤ ጧፍም አይብራ። ከዚህ የባሰው ግን ብዙ ሰው የማያውቀው የተልባ ዘይት ነገር ነው። የተልባ ዘይት ወይም እርሱ ያለበት ማቅለሚያ የነካው ጨርቅ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ተጠቅልሎ በጥግ የተጣለ እንደ ሆነ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪት ራሱ ይነድዳል። ስለዚህ ያ ጨርቅ ሥራው እንዳለቀ ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ወይም ውሃ በሞላበት ቆርቆሮ ውስጥ ይዘፈቅ።

መቼ ይሠራ

በክረምት ቀለምም ቫርኒሽም በእርጥበቱ ምክንያት ዘግይቶ ይደርቃል። ለደጋ አገር ሰው የተመቸው ወራት ከመስከረም በኋላ ነው። ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ሲገባ ጥገናውን የጀመረ ቤተ ሰብ ስድስት ሳምንት ያህል ጊዜ አለው፤ ሁለቱን ለሥራ ቢያደርግ የቀረው ቅቡ እንዲጠነክር ይሆናል። ቫርኒሽና የዘይት ቀለም በእጅ ሲነኩ የደረቁ ቢመስሉም ውስጣቸው የሚጠነክረው ከሳምንታት በኋላ ነው። እስከዚያ ትኩስ ድስት አይቀመጥበት፤ የላስቲክ ጨርቅም አይነጠፍበት፤ ከቅቡ ጋር ተጣብቆ ይቀራልና።

ሥራው በተፈጸመ ጊዜ ከገበታው ሥር፣ ዐይን በማያየው ቦታ፣ እንጨቱ ምን እንደ ሆነ፣ ምን ዓይነት ማቅለሚያና ቫርኒሽ እንደ ተቀባ፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ጽፈው ይተዉ። ጠረጴዛው ዳግመኛ ሲያረጅ የሚያድሱት ልጆችዎ ይሆናሉ፤ እነርሱም ገልብጠው ሲያዩት የሚሠሩትን በግምት ሳይሆን በእውቀት ይጀምሩታል።