ለባለዐደራው ያልተነገረ ነገር

ልጆቼ ሆይ፤ በኮልቾ ከኦሞ ወንዝ በላይ ካለው ገደል አፋፍ ተቀምጠን ሳለን አንድ ወጣት፣ «ዛሬ አይሮፕላኑ በራሱ ይበርራል፤ አብራሪው ተቀምጦ ከማየት በቀር ምን ሥራ አለው?» ሲል ጠየቀኝ። ብዙዎች እንደ እርሱ ያስባሉ፤ እኔ ግን ይህን አሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ፣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ከቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ክንፉ ነፋሱን የሚገጥምበትን ማዕዘን የሚለካ አንድ መሣሪያ ሐሰት ተናገረ፤ ኤምካስ የተባለውም ሥርዐት ያን አንድ ምስክር ብቻ አምኖ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። የአገራችን ሽማግሌ እንኳ በአንድ ምስክር አይፈርድም!

ከዚያ በፊት ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች በተመሳሳይ ምክንያት ሲሞቱ፣ አብራሪዎቹ እንዲህ ያለ ሥርዐት መኖሩ እንኳ አልተነገራቸውም ነበር። አንዳንድ የባሕር ማዶ ሰዎች ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ትምህርት ማነስ ሊያላክኩ ሞከሩ፤ በ2013 ዓ.ም. ግን ቦይንግ ራሱ፣ ሠራተኞቹ ስለ ኤምካስ የመንግሥቱን ተቆጣጣሪ እንዳሳቱ አመነ።

እንግዲህ በደሉ የብረቱ ነውን? አይደለም። በደሉ የነፍስ ዐደራ ከተሸከመው ሰው ዕውቀትን የሸሸገው ነው። የኦሞን ጠባይ በማያውቅ ቀዛፊ ታንኳ ማን ይሳፈራል? ወንዙን እያወቀ ለቀዛፊው የማይነግርስ ምን ይባላል?

ስለዚህ ለዚያ ወጣት የምመልሰው ይህ ነው፤ ለአብራሪው የቀረው ሥራ ማወቅና መሣሪያው ሲሳሳት እምቢ ማለት ነው። እናንተም የምትይዙትን መሣሪያ ውስጡን መርምሩ፤ ያልተነገራችሁን ጠይቁ፤ የምታውቁትንም አትሸሽጉ።