የአላዲን እናት የት ሄደች?

 

በዚህ ወር ልናወጋችሁ ያሰብነው ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር። ነገር ግን አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ጠይቃን ያልመለስነው ጥያቄ ስላለ እሱን ሳንጨርስ ወደ ሌላ መሻገር አልሆንልን አለ።

እኛ የምንኖረው በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ከመገናኛ ታክሲ ተሰልፎ ቤት እስኪደረስ መግሪብ ሊያልፍ ስለሚችል የሰፈራችን ሰው አንዴ ከገባ በኋላ ብዙም አይወጣም። እህታችን የምትኖረው ከእኛ ሁለት ብሎክ አልፎ ነው። እኛም ቅዳሜ ማታ ማታ ወደ እርሷ ጎራ ማለት ልማዳችን ነው። ከላይ ያነሳናት ልጅ የእርሷ ልጅ ናት።

ይህች ልጅ አላዲን የተባለውን ፊልም ዘጠኝ ጊዜ አይታዋለች። ዘጠኝ ያልነው እርሷ ስለነገረችን ሲሆን እናቷ ግን «ዋሽታችኋለች፣ ይበልጣል» ትላለች። ፊልሙ ድሮ እ.ኤ.አ. በ1992 በሥዕል የተሠራው አይደለም። ያንኑ መነሻ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 በእውነተኛ ተዋንያን የተሠራው ነው። ዳይሬክተሩ ጋይ ሪቺ ሲሆን ጂኒውን ሆኖ የሚጫወተው ዊል ስሚዝ ነው። አላዲንን ሆኖ የተጫወተው ሜና ማስዑድ ካይሮ ተወልዶ ካናዳ ያደገ ወጣት ነው። የበረሃው ክፍል የተነሳውም ዮርዳኖስ ውስጥ በዋዲ ሩም ነው። ከሥዕሉ ፊልም ዘፈኖች በአንዱ ውስጥ ዐረቦችን የሚያንቋሽሽ ስንኝ ነበረበት። በአሜሪካ የሚኖሩ ዐረቦች አቤት በማለታቸው እ.ኤ.አ. በ1993 በቪዲዮ ሲወጣ ተለውጧል። ይህን የነገርናት እኛ ነን። እርሷ ግን ያንን ሰምታ ዝም ብላ ወደ ራሷ ጉዳይ ተመለሰች።

የእርሷ ጉዳይ ማን ለማን ምኑ ነው የሚለው ነው። ምንጣፉ ቢበር ባይበር ግድ የላትም። ዝሆኑና ጭፈራው ሲመጣ ውኃ ልትጠጣ ትነሣለች። ልዕልት ጃስሚንና አገልጋይዋ ዳሊያ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ግን ማንም እንዲናገር አትፈቅድም። «በድሮው ፊልም እኮ ጃስሚን ጓደኛ የላትም ነበር። የምታወራው ከነብር ጋር ነው» ብላ አስረድታናለች። እውነቷን ነው፣ ዳሊያ በሥዕሉ ውስጥ የለችም። በአዲሱ ጨምረዋት መጨረሻ ላይ ጂኒው ያገባታል።

አባትየው ይኼንን ሲሰማ ከሶፋው ብድግ አለ። «ጂን አገባት?» አለ። ልጅቷም በትዕግሥት፣ «አባዬ፣ መጀመሪያ ሰው ሆኖ ነው ያገባት» አለችው። እኛ ሳቃችንን መያዝ አቃተን። ይሁን እንጂ የአባትየውን ሐሳብ አናቃልለውም። ጂን መኖሩን የምናምን ሰዎች ነን። ጂኖችን ለሱለይማን (ዐ.ሰ.) ያገራለት አላህ መሆኑንም በሱረቱ ሰበእ እናነባለን። ፋኖስ ፈትጎ «ጌታዬ ምን ልታዘዝ?» የሚል አገልጋይ ማግኘት ለተረት እንጂ ለኑሮ አይሆንም፤ በየሰፈሩ ቃልቻ ፍለጋ የሚንከራተተውን ሰው ስናይ ልዩነቱን ለልጆች ደጋግሞ መንገሩ አይከፋም። ልጅቷ ግን ይህን ያወቀች ትመስላለች። ከጂኒው ጋር በተያያዘ ያናደዳት ነገር ሌላ ነው። አላዲን በመጨረሻው ምኞቱ ነፃ ሊያወጣው ቃል ገብቶለት ነበር። ልዑል ከሆነና ከሞቀው በኋላ ግን ማመንታት ጀመረ። «ጓደኛው ነበር እኮ!» ብላ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ እርሱ ክፉ ስታወራ ከረመች። በመጨረሻ ቃሉን ሲጠብቅ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልታረቀችውም።

ከሁሉ የሚያሳፍራት ቦታ አላዲን «ልዑል አሊ ዘአባብዋ» ተብሎ ቤተ መንግሥት የሚገባበት ነው። (ታናሽ ወንድሟ አባብዋን ሲሰማ «አዲስ አበባ ማለቱ ነው» ብሎ ሙጥጥ ብሏል።) አባብዋ የሚባል አገር የለም። ልዕልቲቱ በካርታ አሳየኝ ስትለው ጂኒው ቸኩሎ ካርታው ላይ ይጽፍለታል። ልዑል ተብዬው ስጦታውን ሲቆጥር ምላሱ ተሳስሮ ማርማላታ ማርማላታ እያለ ይቀራል። እዚህ ላይ ልጅቷ ፊቷን ትራስ ውስጥ ትቀብራለች። «ማን አባቱ ዋሽ አለው? በመጀመሪያው ቀን በገበያ ውስጥ ስታየው ወዳው ነበር እኮ» ትላለች።

እንግዲህ ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ በሻማ ቁጭ ብለን ሳለ የጠየቀችን ይህን ነው፦ «አጎቴ፣ የአላዲን እናት የት ሄደች?»

በፊልሙ አላዲን ወላጆቹን በልጅነቱ እንዳጣ ይናገራል። የጃስሚን እናትም የለችም፣ የቀረው አምባሯ ብቻ ነው። ልጅቷ ይህን ታውቃለች። የጠየቀችው ለምን ሁለቱም እናት አጡ ማለቷ ነው። «ይሄ ሁሉ ሰው አለ፤ ዝንጀሮ እንኳ አለ፤ እናት የለም።»

መልሱን የምናውቀው በአጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን ለመናገር ሦስት ማታ ፈጀብን። ባጭሩ እናቱ ነበረች።

የአላዲን ተረት አንድ ሺህ ከአንድ ሌሊት በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ እንዳለ ሁሉ ሰው ያውቃል። በጥንቶቹ የዐረብኛ ቅጂዎች ውስጥ ግን አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1709 ሐና ድያብ የተባለ የሐለብ ተወላጅ፣ ማሮናዊ ክርስቲያን ወጣት፣ ፓሪስ ላይ አንቷን ጋላን ለተባለው ፈረንሳዊ ተርጓሚ በቃሉ አወጋው። ጋላን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1712 አሳተመው። የአሊ ባባም ተረት የመጣው ከዚሁ ወጣት ነው። ሐና ወደ ሐለብ ተመልሶ ጨርቅ ሲነግድ ኖረ፤ ስሙም በመጽሐፉ ላይ ሳይጻፍ ቀረ። የጉዞው ማስታወሻ ቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መኖሩ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው።

በዚያ ተረት አላዲን የሚኖረው ቻይና ነው። አባቱ ሙስጠፋ ልብስ ሰፊ ነበር። ልጁ ሥራ አልይዝ፣ ምክር አልሰማ ቢለው በሐዘን ታሞ ሞተ። እናትየዋ ጥጥ እየፈተለች ያንን ዋልጌ ልጅ ታበላለች። ፋኖሱን ከዋሻ ይዞ ሲመጣ ቤቱ ውስጥ የሚቀመስ የለም። «ሸጠን እንብላበት» ሲላት «ግን ቆሽሿል» ብላ በአሸዋ የምትፈትገው እርሷ ናት። ጂኒው መጀመሪያ የተገለጠው ለአላዲን ሳይሆን ለእርሷ ነው! ደንግጣ ወደቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ይሄን ነገር ጣለው» እያለች ለመነችው። (የልጅቷ አባት ይህን ሲሰማ «አያችሁ?» አለን።)

አላዲን የሱልጣኑን ልጅ በድሩልቡዱርን ወድዶ ላግባ ሲል እናቱ ሳቀችበት። የሰፊ ልጅ መሆኑን አስታወሰችው። እንቢ ሲላት ግን ከዋሻው ያመጣውን ዕንቁ በሳህን አድርጋ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ቤተ መንግሥት ሄደች። ችሎት ፊት ቆመች። ማንም አላያትም። ተመልሳ መጣች። ችሎት በተዋለ ቁጥር እየሄደች እዚያው ቦታ ቆመች። በመጨረሻ ሱልጣኑ ራሱ፣ «ያቺ ጨርቅ የያዘች ሴትዮ ማን ናት?» ብሎ አስጠራት።

እዚህ ስንደርስ ልጅቷ አቋረጠችን። «ብቻዋን? ሽማግሌ ሳትይዝ?»

ብቻዋን። ለልጇ ሽማግሌውም እርሷ፣ ዘመዱም እርሷ።

ታዲያ ሲኒማ ሠሪዎቹ የት አደረጓት? የሚገርመው፣ የ1992ቱ ፊልም ሲጀመር እናትየዋ ነበረችበት። ሃዋርድ አሽማንና አለን መንከን ልጁ ለእናቱ «አንድ ቀን ትኮሪብኛለሽ» በሚል ስሜት የሚዘፍነውን ዜማ ሳይቀር አዘጋጅተውላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የድርጅቱ ሹማምንት ታሪኩን ሲያስተካክሉ እናትየዋ አታስፈልግም ተባለና ከነዜማዋ ወጣች። አሽማንም በዚያው ዓመት ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2014 በኒውዮርክ ብሮድዌይ በቲያትር ሲቀርብ ዜማው ተመለሰ። በ2019ኙ ፊልም ግን እናትም ዜማም የሉም።

ልጅቷ «ደሃ ስለሆነች ነው ያወጧት?» አለችን። እኛ እንደሚመስለን ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። የሙት ልጅ ቶሎ ያሳዝናል፤ ጊዜም ይቆጥባል። ይሁንና እናትየዋ ስትወጣ ሳያስቡት አንድ ነገር አብሮ ገባ። በጋላን ተረት አላዲን ስሙን አይለውጥም። «ልጄ አላዲን» እያለች የምትለምንለት እናት ችሎት ፊት ቆማ እንዴት አሊ አባብዋ ሊባል ይችላል? እርሷ ስትወጣ ነው ውሸቱ ቦታ ያገኘው።

ይህን ያልነው ለጨዋታ ነበር። በሳምንቱ ግን በራችን ተንኳኳ።

በብሎካችን ሥር ጠዋት ጠዋት ሻይና ሳምቡሳ የሚሸጡ እናት አሉ። ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗል። በዚያችው ሳምቡሳ ያስተማሩት አንድ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ከተማ ውስጥ ቢሮ ይሠራል። (የምንጽፈው እርሳቸውም ልጃቸውም ፈቅደውልን ነው።) ልጁ ገብቶ ተቀመጠና «ሽማግሌ ሁኑልኝ» አለን። ደስ አለን። የልጅቷ ወገኖች መርካቶ ሱቅ ያላቸው ናቸው። መኪና ይከራያል፤ ሁለት ሌሎች ሰዎች ተዘጋጅተዋል። ስለ ወላጅ ከተጠየቅን አባት ሞቷል፣ እናት ሳዑዲ ዘመድ ዘንድ ናቸው እንድንል ነው።

«እናትህ ይህን ያውቃሉ?» አልነው። መልስ የለም።

ስለ አላዲን እናት ነገርነው። ሳቀና «እሱ ፊልም ነው» አለ። «ፊልሙ ላይማ የለችም» አልነው። ተነሥቶ ወጣ። ቡናውንም አልጨረሰ።

በልጁ ለመፍረድ አፋችን አልሞላም። እኛም ትምህርት ቤት ሳለን አባታችን ሸክም ተሸክመው እንደሚያሳድጉን ደብቀን «ነጋዴ ናቸው» እንል ነበር። አንድ ቀን አባታችን ጆንያ ተሸክመው በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፉ ከጓደኞቻችን ጋር ቆመን ፊታችንን አዙረናል። አይተውን እንደሆነ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልጠየቅናቸውም። አላህ ይዘንላቸው። የእናትና የአባትን ሐቅ ለዚህ ዓምድ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ የሚከብደው ሐቁን አለማወቅ ሳይሆን ሰው እያየ ነው።

ሦስት ሳምንት ልጁን አላየነውም። ከዚያ አንድ ማታ ከዒሻ በኋላ እናትየው ራሳቸው በሳህን ሳምቡሳ ይዘው መጡ። በጨርቅ ሸፍነውታል። ልብ ብላችኋል?

«ነግሮኛል» አሉን። «ሳይነግረኝም ደረጃው ላይ በስልክ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። ቅር አላለኝም ብል ዋሸሁ። ግን ልጄ በእኔ አፍሮ አይደለም፤ እነሱ እንዳይንቁኝ ብሎ ነው።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እናንተ ሂዱለት። እናቱ ምን ትሠራለች ካሏችሁ ሳምቡሳዋን እንዳትደብቁብኝ» አሉ።

እሑድ ሄድን። የተከራየ መኪና የለም፤ የጎረቤታችን አሮጌ መኪና ጎሮ ላይ ሞቃ ቆማ ውኃ ጨምረንላት ነው የደረስነው። የልጅቷ አባት በክብር ተቀበሉን። እንደፈራነው ሁለተኛው ጥያቄያቸው ስለ እናቱ ነበር። ሻይና ሳምቡሳ እንደሚሸጡ፣ ልጁን በዚያ እንዳስተማሩት፣ ላለፉት ዓመታት በየጠዋቱ ከሱብሒ በኋላ የምናየው የመጀመሪያ ብርሃን የእርሳቸው ምድጃ መሆኑን ተናገርን። ሰውዬው ብዙ አልመለሱም። «ከወገን ጋር እንምከርና ተመለሱ» ብለው ቀጠሩን። ፊታቸውን ለማንበብ ሞክረን አልቻልንም። ደግም ሊሆን ይችላል፣ ክፉም።

ማታ እህታችን ቤት ይህንን ስናወራ ልጅቷ ስልኳን አስቀምጣ ታዳምጥ ነበር።

«አጎቴ፣ የአላዲን እናት ቤተ መንግሥት ስንት ጊዜ ነው የተመላለሰችው?»

ችሎት በተዋለ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ መሆኑን ነገርናት።

«እናንተ ገና አንዴ ነው የሄዳችሁት» አለችና ወደ ፊልሟ ተመለሰች። አሥረኛዋ ነው።