በገናችን ከግድግዳ ይውረድ

በአንዳንድ ቤት በገና ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። እንግዳ ሲመጣ «የአባቶቻችን ቅርስ ነው» ይባልለታል፤ ነገር ግን አውታሩ የተበጠሰ ስለ ሆነ ድምፅ የለውም። በአቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው ቤታችንም የአያቴ በገና ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ተሰቅሎ ኖሯል። በእኔ አስተያየት ግን ድምፅ የሌለው በገና የቤት ጌጥ ቢባል እንጂ ቅርስ ሊባል አይገባውም።

ባለፈው ዐቢይ ጾም በገናውን አውርጄ የናይሎን አውታር ልገጥምለት ስነሣ አጎቴ ተቆጡ። «አንተ ልጅ፥ በናይሎን ዓሣ ይጠመድበታል እንጂ እግዚአብሔር ይመሰገንበታልን? የበገና አውታር የበግ አንጀት ነው» አሉኝ። በእርግጥ አባቶቻችን የበጉን አንጀት አጥበው፥ ፍቀው፥ አክርረውና አድርቀው አውታር ያበጁ ነበር። ዛሬ ግን ይህን የሚሠራ ሰው እንደ ልብ አይገኝም፤ ብዙ ደርዳሪዎችም በናይሎን ይጠቀማሉ። አንጀት እስኪገኝ ብንጠብቅ ለልጆቻችን የምናወርሰው ዝምታውን ብቻ ነው።

ዐሥሩን አውታር ከገበቴው ወደ ቀንበሩ ወጥሬ መቃኛዎቹን ባዞር ድምፁ ደረቅ ሆነብኝ። አንዱን ሳከር ሌላው ይላላል፤ አዲስ አውታር ስለሚለጠጥም የማታው ቅኝት ጧት አይገኝም። ሁለት ቀን እንዲህ ስደክም ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን አጎቴ ምንም ሳይናገሩ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባውን ትንሽ ቁራጭ ቆዳ፥ እንዚራን፥ በጣታቸው ጥቂት ገፋ አደረጓት። ያን ጊዜ አውታሩ ነዘረ። ለካ የበገናን ድምፅ የምታወጣው እርሷ ኖራለች! በጣት ሲደረደር ስድስቱ አውታሮች እንደሚመቱና አራቱ የጣት ማሳረፊያ እንደሚሆኑም ያስረዱኝ እርሳቸው ናቸው።

እኔም ይህን አሰብሁ፤ በገናው ባይወርድ ኖሮ ያ ዕውቀት ከአጎቴ ጣት አይወጣም ነበር። በደርግ ዘመን (ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.) የበገና መዝሙር ከሬዲዮ ርቆ ነበር። ሙያው ለእኛ የደረሰው እንደ መምህር ዓለሙ አጋ ያሉ ሰዎች ደርድረው ስላስተማሩ ነው እንጂ በገናው ግድግዳ ላይ ስለ ተሰቀለ አይደለም።

እንግዲህ የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፥ በቤታችሁ በገና፥ ክራር ወይም መሰንቆ ቢኖር አውርዱት፤ በምታገኙት አውታር ወጥሩት። ቢበላሽባችሁ አትፈሩ፤ ስሕተታችሁን አይቶ ዝም የማይል ሽማግሌ አይጠፋም። ወላጆች ሆይ፥ እናንተም ልጁን ከመቆጣት ይልቅ አጠገቡ ተቀመጡ። መምህራኖቻችንም በትምህርት ቤታችን አንድ የበገና ማኅበር እንዲቋቋም ቢረዱን ደስታችን ወሰን የለውም።

የአጎቴንም ነገር አልዘነጋሁም። ለሚመጣው ፋሲካ የምናርደው በግ አንጀቱ አይጣልም፤ አክርረን አውታር ልናበጅ ከአጎቴ ጋር ተስማምተናል። እስከዚያው ግን በናይሎኑ እደረድራለሁ።