ከገበያ የጠፋ ጌም ባለቤት የለውም?

አይወረድ

«አርባ ዓመት ያለፈው ጌም ነው፤ ማን ይጠይቀኛል?» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። የአሜሪካ ሕግ የሚቆጥረው ግን በሌላ ሒሳብ ነው። ኩባንያ ያሠራው ሥራ ከታተመ በኋላ ለ95 ዓመት ይጠበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ እስከ 2080 ማብቂያ ባለቤት አለው። ባለቤቱም አይተኛም። ኒንቴንዶ በ2018 የድሮ ጌሞችን ቅጂ ያስወርድ የነበረውን ላቭሮምስ የተባለ ድረ ገጽ አሪዞና ላይ ከሶ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስፈርዶበታል። ተራ አውራጅ የሚከሰሰው ከስንት አንዴ ነው፤ ቢሆንም ሕጉ ሆን ብሎ በጣሰ ሰው ላይ ለአንድ ሥራ እስከ 150,000 ዶላር ካሳ ይፈቅዳል።

ይበልጥ የሚያስፈራኝ ቫይረሱ ነው። የማሪዮ ፋይል 40 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ እንኳ ይበልጠዋል። ድረ ገጹ በፋይሉ ፈንታ ብዙ ሜጋባይት ያለው «ማውረጃ» ፕሮግራም ጫኑ ካለ፣ የሚገባው ጌም አይደለም። ልጁ ማሪዮን ሲፈልግ የእናቱ የባንክ የይለፍ ቃል ሊሰረቅ ይችላል።

ይትረፍ

ስለ «ማውረጃው» ባልደረባዬ የጻፉት ልክ ነው። ጥፋቱ ግን የጌሙ አይደለም። የካሴት ጌም ቅጂ ኢሙሌተር (የድሮውን መጫወቻ የሚያስመስል ፕሮግራም) ካላነበበው በራሱ አይሠራም፤ አደጋው ያለው አቀባዩ ዘንድ ነው። ታዲያ ሰው እንዲህ ያለ አቀባይ ደጅ ምን ወሰደው? ብዙ ጊዜ የሚሸጥለት አጥቶ ነው! የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ገበያ ላይ የሉም። በዚያው ዓመት ኒንቴንዶ ራሱ የጌም መጫወቻዎቹን የዊ ዩንና የ3ዲኤስን የኢንተርኔት መደብር ዘጋ። አብያተ መጻሕፍት እነዚህን ጌሞች ለተመራማሪዎች ከርቀት ለማሳየት ፈቃድ ቢጠይቁም፣ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ በ2024 ከለከላቸው። ካሴቱ ያረጃል፣ ባትሪው ይሞታል፣ ዲስኩ ይበላሻል፤ 95 ዓመት የሚጠብቃቸው የለም። ኩባንያው ዛሬም ለሚሸጠው ማሪዮ ቢከስ አልሟገትም። ማንም ለማይሸጠው ግን እሟገታለሁ።

አይወረድ

ኢሙፓራዳይስ የተባለውን የጌም ማውረጃ ድረ ገጽ ያስታውሱታል። 18 ዓመት የሰበሰበውን በ2018 ክስ ፈርቶ አነሳው። ማኅደር ያሉት ነገር በአንድ ቀን ከጠፋ ምኑን ተረፈ?

ይትረፍ

ለዚህ ነው ቁልፉ ለቤተ መጻሕፍት ይሰጥ የምለው። ቤተ መጻሕፍት እስኪፈቀድለት ድረስ ግን፣ ጌሞቹን ከጥፋት ያቆዩት እነዚያው ያወረዷቸው ሰዎች ናቸው።